የወራጅ ጎዳና መሀል

ወንድሜ አንለይ ሁለት ጊዜ ሞቷል፤ የተለቀሰለት ግን አንዴ ብቻ ነው። እሱም ሙሉ አይደለም፤ መሀሉ ይጎድላል። በዚህ ክረምት ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞት ሙሾ ላወርድለት ብነሳ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ነጠላዬን ይዘው አስቀመጡኝ። «አንድ ሰው የሚለቀስለት አንዴ ነው። ያንቺ ወንድም ድርሻውን ጨርሷል» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ የአገሩ ልማድ እንደዚያ ነው። የጎደለችው መሀል ግን የእኔ ድርሻ ነበረች፤ እሷን ማንም አልጨረሰልኝም። በድምፅ ከተከለከልኩ በጽሑፍ ላወርዳት ተቀምጫለሁ።

የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ሙሾ የለመድኩት የሰው ለቅሶ ዳር ቆሜ በመስማት ነው። ፊደል የለየሁት ደግሞ ከመቃብር ድንጋይ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለብዙ ጊዜ መጻፍ የምችለው የሰው ስምና «ዐረፈ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ሌላውን ቀስ እያልኩ ጨመርኩበት። የከተማዋን ስም አልጽፍም። የሚኖርባት ያውቃታል፤ የማይኖርባት ቢያውቃት አይጠቅመውም። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ ሰው ለምን እንዲህ እንደበዛ፣ ቤት ለምን እንደማይገኝ ሌሎች ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ። እኔ የማውቀውን እናገራለሁ።

ያለን ትልቅ ጎዳና አንድ ነው፤ ወራጅ ይባላል። ከላይ ከምንጩ ይነሳል። ሬሳ የሚታጠበው እዚያ ሲሆን አጣቢዋ እትዬ ስንዱ ናት። እትዬ ስንዱ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው መልስ ከማይሰጡ ሰዎች ጋር ስለሆነ ሰላምታ ትታለች፤ በአጠገቧ ብታልፍ አንገቷን እንኳ አታነሳልህም። ከታች ጎዳናው የመቃብሩ በር ላይ ያልቃል። እዚያ ደግሞ በረኛው አለ።

ወራጅን ማንም አልሠራውም። ከተማዋ ገና ጥቂት ጎጆ ሳለች የመጀመሪያዋ ሟች አንዲት ሴት ነበረች አሉ፤ ስሟ አልተረፈም። መንገድ ስላልነበረ ተሸካሚዎቹ እግራቸው ወደመራቸው ወረዱ። ዋርካው ጋ ሲደርሱ ደከማቸውና ቃሬዛውን ድንጋይ ላይ አሳረፉ፤ ሌሎች ተቀበሏቸው። እነዚያም ወፍጮው ጋ ደክመው አሳረፉ። ከወፍጮው በታች አንድ ቂመኛ ሰውዬ ይኖር ነበር። ከሟቿ ጋር እንደተኳረፉ ሞታበታለችና አጥሩ ላይ ቆሞ «በቁሟ ደጄን ያልረገጠች ተኝታ አትረግጠውም» አላቸው። አጥሩን ዙረው፣ ጥጉ ላይ እንደገና አሳርፈው፣ ወንዙን ታክከው ወረዱ። ጎዳናው ይኸው ነው። ኋላ ቂመኛውም ሞተ፣ ልጆቹም ሞቱ፣ አጥሩም ፈረሰ። ጎዳናው ግን ባዶ ሜዳውን እየዞረ ብዙ ዘመን ኖረ። ለምን ያለ ሰው የለም፤ መዞሩን ለምደነው ነበር።

ልማዱ እንዲህ ነው፤ ወራጅን ከላይ እስከ ታች የሚዘልቀው ሟች ብቻ ነው። ከምንጩ ተነስቶ ታች ቆዳ ፋቂዎቹ ዘንድ የሚሄድ ነጋዴ ወፍጮው ጋ ሲደርስ ወደ ጓሮ መንገድ ይታጠፋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያገኘውን ሰው ሰላም ይላል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ሆኖ ወደ ጎዳናው ይመለሳል። ተሸካሚዎችም በየማረፊያ ድንጋዩ የሚለዋወጡት ለዚሁ ነው። ቃሬዛ ከድንጋዩ በቀር ሌላ ቦታ አይቀመጥም፤ በመንገድ ላይም ከትከሻ ወደ ትከሻ አይሸጋገርም። ቃሬዛው መሬት ከነካ ሟቹ እዚያው ይቀራል። ሥጋ ሻጩ ደጃፍ ላይ እንዲህ የቀረ አንድ አለ። ሥጋ የሚገዛ ሁሉ እዚያ ሲደርስ እግሩን ከፍ አድርጎ ይሻገረዋል።

ሙሾውም ይከፈላል። ከምንጩ እስከ ዋርካው ያለችው ሙሾ አውራጅ የሟቹን ልጅነት ታወርዳለች። ከዋርካው እስከ ወፍጮው ያለችው ወጣትነቱን። ከወፍጮው እስከ ቂመኛው አጥር የእኔ ነበር፤ መሀል ይሉታል። ሥራውን፣ ትዳሩን፣ ጠቡንና ዕርቁን የማነሳው እኔ ነኝ። ከአጥሩ በታች ያለችው እርጅናውንና ሕመሙን ወስዳ ከበሩ ታደርሰዋለች። ሕፃን ሲሞት ከዋርካው በታች ያለነው ቆመን ዝም እንላለን። ያን ጊዜ የሚሰማው የተሸካሚዎቹ ኮቴ ብቻ ነው።

እንዲህ ስንኖር የቀጥታ ሹም ተሾመልን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠማማ ነገር ያመው ነበር እንጂ። ዶሮ ስትሄድ ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል። በመጣ ሰሞን ረጅም ገመድ አስፈተለና አንዱን ጫፍ ምንጩ ላይ፣ ሌላውን የመቃብሩ በር ላይ አስሮ ወጠረው። «ከገመዱ ሥር ያለ ሁሉ ጎዳና ነው» ሲል አወጀ። ዋርካው ከገመዱ ሥር ነበርና ተቆረጠ። የአንድ ባልና ሚስት ቤትም ከገመዱ ሥር ነበር። መኝታ ቤታቸው ከጎዳናው ወዲህ፣ ማድ ቤታቸው ከጎዳናው ወዲያ ቀረ። ሰውዬው ራቱን ሲፈልግ መኪና እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። የማረፊያ ድንጋዮቹ ተነቅለው የሹሙ ቢሮ ደረጃ ሆኑ።

በምረቃው ቀን አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«ጌታው፣ ተሸካሚ እንግዲህ የት ይለዋወጥ?»

«መለዋወጥ ለምን? አጭር ሆነ እኮ፤ ማንም ሳይደክመው ይደርሳል።»

«ድካሙ አይደለም፣ ጌታው።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። በእንግዳ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ነውር መሰለን። «ምንም አይደል» ብለው ተቀመጡ፤ እኛም አጨበጨብን።

በቀጥታው ጎዳና መጀመሪያ የወረዱት አንጥረኛው አያ ጎሹ ናቸው። ከሰው ሁሉ ሰላምታ የሚቀድሙ፣ ድምፃቸው እንደ መዶሻቸው ከሩቅ የሚለይ ሽማግሌ ነበሩ። ከምንጩ ካነሷቸው አራት ሰዎች አንዱ ወንድሜ አንለይ ነው፤ ቀኝ ፊተኛው። ዋርካው ጋ ሊቀበሏቸው የወጡት ሰዎች ዋርካው የት እንደነበረ አልተስማሙም። አንዱ እዚህ ነው ይላል፣ ሌላው እዚያ። ድንጋይ ደግሞ የለም። ሲከራከሩ ቃሬዛው አለፋቸው። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚያቆም ነገር አልነበረውም። እኔ ጋ ሲደርሱ ወንድሜ ላብ በላብ ሆኗል።

«እታለም፣ ድንጋዩ ወዴት ነው?» አለኝ አንገቱን ሳያዞር።

«የሹሙ ደረጃ ላይ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ይገኝ ይሆናል ወደ ታች» ብሎ አለፈ። እኔም የአያ ጎሹን መሀል እያወረድኩ ሸኘኋቸው።

ወደ ታች አልተገኘም። በሩ ላይ ደረሱ። በረኛው ለመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፤ «ከየት ነው ያነሳችሁት?» ይላል። መልሱም ሁልጊዜ «ከአጥሩ ጥግ» ነው። ያን ቀን ወንድሜ «ከምንጩ» አለው። በረኛው ከወንበሩ ተነሳ። አንዱን መዝጊያ ብቻ መክፈት ልማዱ የነበረው ሰውዬ ሁለቱንም ወለል አድርጎ ከፈተና ወደ ጎን ቆመ።

«አምስታችሁም ግቡ» አለ።

አያ ጎሹ ገቡ። ተሸካሚዎቹ አራቱ በጓሮ መንገድ እየተደነቃቀፉ ተመለሱ። ወራጅን ሳይለዋወጡ ስለዘለቁ ግን እንደ ልማዱ ሟች ተቆጥረዋል። አንደኛው ቤቱ ሲደርስ ድንኳን ተጥሎ አገኘ። ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ዘገኑለት፤ የገዛ ለቅሶውን ንፍሮ በላ። ሁለቱ ደግሞ የሚያዋራቸው ሲያጡ ወደ በሩ ተመልሰው «ቦታችን የቱ ጋ ነው?» አሉ። በረኛው አሳያቸው። እዚያው ሆኑ፤ ሲፈለጉ ይጠሩ ነበር።

የሚፈለጉት ለመሸከም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሬዛ የሚነካ ሰው ጠፋና ሽማግሌዎች ሹሙ ዘንድ ሄዱ። ነገሩን እንደምንም ነገሩት። ሹሙ ሳቀ። «ይኼማ ቀላል ነው! የሞቱት ይሸከሙ።» ተሸካሚዎቻችንም እነዚያው አራቱ ሆነው ቀሩ።

የወንድሜ ለቅሶ ቀን ደረሰ። ቃሬዛው ላይ ጋቢውና ጫማው ተደረገ። መሸከም ያለባቸው አራቱ ስለሆኑ ወንድሜ ቀኝ ፊተኛውን ያዘ፤ የራሱን ጋቢ ተሸክሞ ከምንጩ ተነሳ። ላይኛዋ ሙሾ አውራጅ ልጅነቱን አወረደችው፤ ጎበዝ ናት፤ ያላለቀሰ አልነበረም። ሁለተኛዋ ወጣትነቱን ተቀበለች። ከዚያ እኔ ጋ ደረሱ።

ዝም አልኩ። ጎዳናው ሙሉ ሰው ነው። ወንድሜ በአጠገቤ ሲያልፍ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

«በይ እንጂ፤ እንዲሁ ልታሳልፊኝ ነው?»

«የማንን ልበል? እያየሁህ?»

«ድምጿ ተዘጋ ይሉሻል።»

«ይበሉኝ።»

«ክፉ ሥራዬን ልታነሺ ፈርተሽ ነው» ብሎ ሳቀና ቃሬዛውን አመቻችቶ ወረደ። ከአጥሩ በታች ያለችው ሙሾ አውራጅ ያላየውን እርጅናውን አወረደችለት።

መሀሉ ባለመለቀሱ ክርክር ተነሳ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ሹሙ ዘንድ ሄዱ። ሹሙ ማካፈል ይወድ ነበርና ወዲያው ፈረደ፤ አንለይ ከወፍጮው እስከ አጥሩ ሕያው ነው፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ሟች ነው። ፍርዱ ጥሩ ነበር። አጥሩ የት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ብቻ ጠፋ፤ የዞረው መንገድ ቀጥ ብሏል፣ ድንጋዩም የለም። ሻይ ሻጩ ባዩ ሱቁ በዚያው አካባቢ ስለሆነ ከሁሉም ተቸገረ።

«ጋሽ አንለይ፣ ትንሽ ወደዚህ ጠጋ በልልኝ። እዚያ ሆነህ ሰላም ልልህ አልችልም።»

«እዚህስ?»

«እዚያ ግማሽ ነው። ትከሻህን ሰላም ብዬዋለሁ።»

«ሻዩንስ በየትኛው እጄ ልያዝ?»

«በሕያው እጅህ ያዘው እንጂ፤ ብርጭቆዬን ታስቀርብኛለህ!»

በዚህ መጀመሪያ ላይ ሳቅን። ወንድሜ ራሱ ከሁሉ አብልጦ ይስቅ ነበር። ግን የሚስቱ የዘነበች ቤት ከአጥሩ በታች ነው፤ እሷ ዘንድ ሲወርድ ሟች ነው። ዘነበች ጥቁር ለብሳለች። ከልቧ ነው ያዘነችው፤ ክፋት የለባትም። በየቀኑ ምሳውን በሰሃን አድርጋ ለነፍሱ ብላ ደጃፍ ታወጣለች። እሱም ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይበላል።

አንድ ቀን አብሬው ወረድኩ። ቀምሶ ወደ ውስጥ፣ «ዘኑ፣ ጨው አንሶታል» አላት።

«እሱም ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበር» አለችኝ ለእኔ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ። ወንድሜ ሰሃኑን አስቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲስቅ አላየሁትም።

ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መጣ። እኔ ዘንድ ተቀምጠን ስናወራ ያደግንበትን ቤት አነሳሁ።

«የምን ቤት?» አለኝ።

«የእናታችን ነዋ!»

ፊቴን ቆይቶ አየው። «እታለም፣ እናታችን ማን ነበረች?»

የሚቀልድ መስሎኝ በትከሻዬ ገፋሁት። አይቀልድም። ላይኛዋ ሙሾ አውራጅ ልጅነቱን ጥሩ አድርጋ አውርዳዋለች፤ ወርዶ አልቋል። ወጣትነቱንም ጠየቅሁት፤ የለም። የቀረው መሀሉ ብቻ ነው፤ የሠራበት አናጢ ቤት፣ ከዘነበች ጋር የተጣሉበት ነገር፣ የታረቁበት ቀን። እሱም ከሁለቱም ዳር እየተሸረፈ ነበር። በማግስቱ ሲመጣ የአናጢ ቤቱን በር ቀለም ረስቶታል።

ወደ መቃብሩ በር ወረድኩ፤ በጓሮ መንገድ። በረኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ መዝጊያዎች ያን ቀን እንደተከፈቱ ናቸው።

«ለምን አትዘጋውም?» አልኩት።

«እንዴት ልዝጋው? አምስት ብዬ ከፍቼ ሦስት ገቡ። ሳይሞላ አልዘጋም።»

«ሌላው ሰው ቢወጣስ?»

«እኔ የምጠይቀው የሚወርደውን ነው። የሚወጣውን ጠይቅ ያለኝ የለም።»

«ወራጅን ሽቅብ የዘለቀ ሰው አለ?»

አሰበ። «ሽቅብማ ማን ይሞክረዋል?» አለ። «አልተከለከለም፤ አልተፈቀደም። ስም የለውም።»

ስም የሌለውን ነገር የሚከለክል ሽማግሌ አላውቅም። ወንድሜን ማለዳ ቀሰቀስኩትና በጓሮ ይዤው ወረድኩ። «ለምን?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ መጠየቁንም እየረሳ ነበር። በሩ ላይ እጁን ያዝኩት። ለቅሶ ላይ ከፊት የሚሄድ ሰው ወደ ኋላ አይዞርም። ያን ብቻ ነገርኩት፤ ለራሴም ደግሜ ነገርኩት። ከዚያ ፊታችንን ወደ ምንጩ አድርገን ተነሳን።

የመጀመሪያው ክፍል እርጅናው ነው። «ይህን ገና አላየኸውም፤ ዝም ብለን እንለፈው» አልኩትና ዝም ብለን አለፍነው። ዘነበች ደጇን ስትጠርግ ነበር። አየችን፤ ከዚያ ከበስተኋላችን ያለውን አየችና መጥረጊያዋን ጥላ ገባች። በሯ ተዘጋ። ኮቴ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የእኛ ማሚቶ መሰለኝ። ቆምኩ፤ ወንድሜም ቆመ። ኮቴው ትንሽ ቆይቶ ቆመ።

መሀሉ ላይ ስንደርስ እሱ አወራኝ። ዘነበችን ያገባ ጊዜ የሠርጉ ዳስ ነፋስ እንደወሰደበት፣ ለሰባት ወር ያኮረፋት በምን እንደሆነ፣ ያስታረቃቸውም ጎረቤት ሳይሆን የሚያፈስ ጣሪያ እንደነበረ፤ ከዝናቡ ለመሸሽ አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው አደሩ። የአናጢ ቤቱ በር ሰማያዊ እንደነበረም ትዝ አለው። ሻይ ሻጩ ባዩ ብርጭቆ እያጠበ ቀና ሲል ከእጁ ወደቀ። ሰላም አላለንም። ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መንገድ ለቀቀ፤ ለሁለት ሰው የሚለቀቅ መንገድ ግን አልነበረም።

ከወፍጮው በላይ የማወራው እኔ ሆንኩ። በሙሾ አይደለም፤ ሰው ለሰው እንደሚያወራ። «እዚህ ጋ ስትጎረምስ ጫማህን አውልቀህ በእጅህ ይዘህ ትሄድ ነበር፤ እንዳይቆሽሽ» አልኩት። «እዚህ ጋ ለኔ ብለህ ተደባድበህ ተሸንፈህ መጣህ።» «ተሸንፌ?» «ክፉኛ!» ፈገግ አለ። ከኋላችን ደግሞ አንድ ሰው የሳቀ መሰለኝ፤ ሌላው ዝም በል እንደማለት «ሽሽ» አለው። ሥጋ ሻጩ ደጃፍ ላይ እግራችንን ከፍ አድርገን ልንሻገር ስንል የሚሻገሩት ነገር አልነበረም። ተነስቷል።

ዋርካው በነበረበት ላይ ስንደርስ የወንድሜ እጅ ሞቀ። የእናታችንን ስም ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። ስሟን ራሱ ጠራው። ደጋግሞ፣ ልጅ ከሜዳ ሲመለስ ደጅ ላይ ሆኖ እንደሚጣራ ጠራው። ከበስተኋላችን ያለው ኮቴ እጅግ በዝቶ ነበር፤ የታጠበ ጨርቅ ሽታም መጣ። ማልቀስ አማረኝ፤ ሥራዬ ነውና ያዝኩት።

ምንጩ ጋ እትዬ ስንዱ አጎንብሳ ማሰሮ ትሞላለች። ፊቷ ቆምን። የዘለቀ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ ወንድሜም አያውቅም። ሰላም የሚባለው ሕያው ብቻ ነውና የሚያሻው ነገር አንድ ሰላምታ ነው፤ ግማሽ ያልሆነ፣ በትከሻው ብቻ ያልሆነ። ያንን ካላገኘ ተመልሶ ወደ ክፍቱ በር መውረድ ነበረበት።

እትዬ ስንዱ ቀና አለች። ዓይኑን አየችው።

«አንለይ፣ እንደምን አደርክ?» አለችው።

«እግዜር ይመስገን» አለ ወንድሜ። ከምንጩ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ስንዱ ግን ወደ ማሰሮዋ አልተመለሰችም። ከትከሻችን በላይ ቁልቁል አየች። ጎዳናው ቀጥ ስላለ ዓይንን የሚያግደው ነገር የለም፤ ከምንጩ እስከ በሩ ድረስ አንድ ላይ ይታያል። ዓይኗ ረጅም መንገድ ሄደ። ከዚያ ማሰሮዋን አስቀመጠች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ነጠላዋን ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው አስተካክላ ተነስታ ቆመች።

«እናንተስ፣ እንደምን አደራችሁ?» አለች።

አልዞርኩም። ሲመልሱላት ግን ከሁሉ የቀደመው የአያ ጎሹ ድምፅ ነበር።